ከማን እንደሰማሁ የተጠየቅሁበት ችሎት

ጎረቤታችንን አያ ደሴን የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ዱላውን ተደግፎ ቆሞ ሳየው መጀመሪያ ያሰብኩት ሰው ሞቷል ብዬ ነበር። ከእስቴ ደብረ ታቦር ድረስ በእግሩ ተጉዞ አንዲት ተማሪ ከክፍል የሚያስጠራ ሰው ለሌላ ነገር አይመጣም። ጋቢውን አየሁ። ለልቅሶ እንደሚደረገው አላዘቀዘቀውም።

«ማን ነው?» አልኩት።

«ማን ማን ነው?»

«የሞተው።»

«ኧረ በስመ አብ በይ! ማንም አልሞተ። ቤት ሙሉ ደኅና ነው፤ ቡላዋ ላምም ወልዳለች።» ላቡን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «ችሎት ተጠርተሻል። ዳኛው፣ ያችን ጽሑፍ የጻፈችው ልጅ ጽሑፏን ይዛ ትቅረብ ብለዋል። አባትሽም ሳታድር ይዘሃት ና ብለውኛል።»

እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ከደረቴ ሥር አንድ ነገር ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ አብሮኝ ኖሯል፤ አሁንም ስጽፍ አለ።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ላስረዳ። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከደብራችን ከጊዮርጊስ አጥቢያ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዳ የምትማር ሴት ልጅ ከእኔ በቀር አልነበረችም። አባቴ በዚህ ብዙ ተቀልዶባቸዋል፤ «ሴት ልጅህን ጸሐፊ ልታደርጋት ነው ወይስ ዳኛ?» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ገብስና ባቄላ በአህያ እየጫኑ ይልኩልኛል፤ እኔ ከሁለት ልጃገረዶች ጋር በአንዲት መበለት ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል እኖራለሁ፤ ጾሙንም ጸሎቱንም ሳላጓድል ትምህርቴን እማራለሁ። ጎበዝ ነበርኩ ለማለት አልደፍርም። ጥንቁቅ ነበርኩ።

የታሪክ መምህራችን ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት የመጡ ወጣት ነበሩ። ዐሥረኛ ክፍል ሳለን፣ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ሥራ ሰጡን፦ የተወለድንበትን አገር ታሪክ መርምረን እንድንጽፍ። «ግን» አሉ ጠመኔውን እንደያዙ፣ «እያንዳንዱን ነገር ከማን እንደሰማችሁ ወይም ከየት እንዳነበባችሁ ከገጹ ግርጌ መስመር አስምራችሁ ከሥሩ ጻፉ። የሰውየውን ስም። ዕድሜውን። ራሱ አይቶ ይሁን ከሌላ ሰምቶ።»

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ከሆነስ?»

«ሁሉም ሰው የሚባል ምስክር የለም። ስም አምጣ።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ጻፍኩት።

ስለ እኛ አጥቢያ የተጻፈ መጽሐፍ አልነበረም። ያለው የሽማግሌ አፍ ነው። ስለዚህ በክረምቱ ዕረፍት ከቤት ቤት ዞርኩ። ከሁሉ በፊት የሄድኩት የንስሐ አባቴ ወደ ነበሩት ወደ አባ ተሰማ ነው። አባ በጋይንት ቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት የድጓ ዜማ የተማሩ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጨዋታ የሚወዱ መነኩሴ ነበሩ። አገሩን ስላቀኑት፣ ሁላችንም ትውልዳችንን ስለምንቆጥርባቸው ስለ አባታችን ስለ ወልደ ሐና ጠየቅኳቸው።

«ልጆቻቸው አራት ናቸው» አሉኝ። «ሦስት ወንድ፣ አንዲት ሴት። ሴቲቱ ወለተ ማርያም ናት።»

«ከማን ሰሙት አባ?» አልኩና ይቆጡኛል ብዬ አቀረቀርኩ።

ሳቁ። «ጎሽ! እሱን ማን አስተማረሽ? ቤተ ልሔም ስትገቢ እኮ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከማን ተማርክ? እሱንስ ማን አስተማረው? መምህሩን መጥራት ያቃተው ተማሪ ቢያዜም ማን ይሰማዋል! በይ ጻፊ። ከቀድሞው ቄሰ ገበዝ ሰማሁ፤ እሳቸው ከአያታቸው። አየሁ አልል፤ ሰማሁ።»

ቀጥዬ የሄድኩት ወደ አባቴ አጎት ወደ ጋሼ መኮንን ነው። እሳቸው ወለተ ማርያምን ስጠራ እጃቸውን አወናጨፉ።

«እሷማ የጡት ልጅ ናት! አባታችን ከዘመቻ ሲመለሱ ያመጧት ሕፃን ናት፤ ሚስታቸው አጥብተው አሳደጓት። ደማቸው የለባትም።»

«ከማን ሰሙት ጋሼ?»

«ከማን ሰሙት ትለኛለች እንዴ ይች! ከእኔ ሰማሽ፤ በቃ።»

ሁለቱንም ጻፍኩ። ከላይ ስለ ወለተ ማርያም ሁለት ቃል እንዳለ፤ ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የመጀመሪያው የአባ ተሰማ መሆኑን፣ ሁለተኛው የአቶ መኮንን መሆኑንና እሳቸው ከማን እንደሰሙ አለመናገራቸውን። ጽሑፉን ለአባቴ አንብቤላቸው ነበር። ወለተ ማርያም ጋ ስደርስ ጉልበታቸውን መታ አደረጉና «ይኸን ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ለምን እንደወደዱት አልጠየቅሁም።

በእኛ አገር ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት ትውልድ ቆጥሮ ነው፤ በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። የሥጋ ልጅ ያልሆነ ግን በቆጠራው አይገባም። ከወንዝ ማዶ የሚኖሩ ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ መበለት ከወለተ ማርያም ቆጥረው፣ አባቴ የሚያርሱት የወንዝ ዳር ማሳ ለእኔም ይገባኛል ብለው የከሰሱት ከመስቀል በኋላ ነው። አባ ተሰማ በኅዳር ዐረፉ። ይህን ሁሉ እኔ የሰማሁት በጥር፣ ከአያ ደሴ ጋር መንገድ ላይ ነው።

አያ ደሴ ዝም የማይል ሰው ነው። ቁልቁለቱንም ዳገቱንም በወሬ ጨረሰው።

«አባትሽ ችሎት ቆመው ምን አሉ መሰለሽ? ‹ልጄ ተመራምራ ደርሳበታለች፤ ወለተ ማርያም የጡት ልጅ ናት፤ በጽሕፈት አለ› አሉ። ዳኛው ቀና አሉ። ጽሕፈት ሲባል ጊዜ ቀና ይላሉ እሳቸው።»

«ወይዘሮ አልጋነሽስ?»

«እሷማ! ‹የሰው ልጅ ገብስ ትወቃለች፣ ያንተ ልጅ የእኔን አያት ትወቃለች!› አለችው። ችሎቱ በሳቅ አለቀ። ዳኛው ራሳቸው በመሐረብ አፋቸውን ያዙ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ወረቀቷን ይዘሻል አይደል?»

ይዣለሁ። መቀነቴ ሥር ነበረች። የእኔ ሳትሆን የሌላ ሰው ዕቃ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ አባቴ አውድማ ላይ ነበሩ። መንሹን አስደግፈው ከገብሱ ክምር ጥግ ተቀመጡ፤ እኔንም በእጃቸው ጠሩኝ። ተቆጥተው አልነበረም። ተቆጥተው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ከሥር የአጎቴ ስም አለ?» አሉ።

«አለ አባባ።»

«እሱ አይሆንም። አጎቴ ከዚያው ማሳ ጫፉን ያርሳሉ፤ ዳኛው ቃላቸውን አይቀበሏቸውም። የአባ ተሰማ ስም ይሁን።»

«አባ እንዲያ አላሉም።»

«ዐርፈዋል።» ገለባ ከጉልበታቸው አራገፉ። «ማን ይጠይቃቸዋል? ቃላቸውን የያዝሽው አንቺ ነሽ። አገሩ የአባ ተሰማን ቃል እንደ ወንጌል ነው የሚሰማው።»

«ስለዚህ ነው» አልኩ።

«ምኑ ነው ስለዚህ?»

«ስለዚህ ነው የማልችለው አባባ።»

 በሬዎቹ ከአውድማው ዳር ቆመው ያመሰኳሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ ትልቅ ሰው አነጋገሩኝ። «ውቤ፣ አንቺ ደብረ ታቦር የምትበዪው ገብስ ከየት የሚመጣ ይመስልሻል? ከዚያች የወንዝ ዳር ማሳ ነው። እሷ ተቆርሳ ከሄደች የቀረው ለቤቱም አይበቃ። አንዲት ገጽ ናት። ጽሕፈቱም ያንቺው ነው። ገልብጠሽ ጻፊያት።»

«አልችልም።»

«እንግዲያስ አትጻፊ» አሉ ተነሥተው። «ዝም በይ። ዝም ብትይ ይበቃኛል። የምናገረው እኔ ነኝ።»

መንሹን አንሥተው ወደ ገብሱ ሄዱ። ነፋሱ ተነሥቶ ነበር፤ ነፋስ ሲገኝ ደግሞ ማዝራት አይቆምም።

እናቴን ጓዳ አገኘኋት። ሁሉን ሰምታለች። «እኔን አትጠይቂኝ ልጄ» አለችኝ ገና አፌን ሳልከፍት። «እኔ የሁለታችሁም ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የአባ መቃብር ላይ ድንጋዩ ገና አልተስተካከለም ነበር። አጠገቡ ቆሜ ጸለይኩ። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። መልስም አልመጣልኝ። መልስ መጣልኝ ብዬ ብጽፍ ደስ የሚላችሁ አላችሁ፤ ነገር ግን ከማን ሰማሽ ብትሉኝ የምጠራው ስም የለኝም።

ችሎቱ ያለባት ከተማ መካነ ኢየሱስ የደረስነው በማለዳ ነው። ችሎቱ ሞልቷል፤ ቦታ ያጡት በመስኮት አንገታቸውን አስገብተዋል። ወይዘሮ አልጋነሽ ከፊት ቆመዋል፤ ነጠላቸው እንደ በረዶ የነጣ፣ ቁመታቸው አጭር፣ አፋቸው ግን የማያርፍ። እኔን ሲያዩ ከእግር እስከ ራስ ለኩኝ።

«ተመራማሪዋ ይች ናት? እኔማ ጺም ያላት መስሎኝ!»

ሰው ሳቀ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ።

ወንጌል ይዤ ማልኩ። እጄ የእኔ አልመሰለኝም። በጸሐፊው ቀለም ጠርሙስ አፍ ላይ ዝንብ አርፋ ነበር፤ እሷን አይ ነበር።

«ይህን የጻፍሽ አንቺ ነሽ?» አሉ ዳኛው።

«አዎን ጌታዬ።»

«ማንም ሳያዝሽ?»

«መምህሬ አዘውኝ ነው ጌታዬ። ለትምህርት ነው።»

ጸሐፊው ገጹን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። «ስለ ወለተ ማርያም ሁለት ቃል አለ። አንደኛው የወልደ ሐና የሥጋ ልጅ ናት ይላል። ሁለተኛው የጡት ልጅ ናት ይላል።» መስመሩ ጋ ሲደርስ አቆመ። ከመስመሩ በታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ እንዲህ ያለ አጻጻፍ ከዚያ በፊት አይቶ የሚያውቅም አይመስለኝም። ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ፤ «ግን ሁለት ቃል ሲባል አንዱ የእኔ ነው ማለት ነው!»

«ዝም በይ» አሉ ዳኛው። ከዚያ እንዲያው በጥቅሉ፣ ማንን እንደሆነ ሳይለዩ፣ «የጡት ልጅ ናት ያለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

አፌን ሳልከፍት አባቴ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ። ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«አባ ተሰማ ናቸው ጌታዬ። ነፍሳቸውን ይማርና።»

 አባ ተሰማን የማያውቅ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «እግዜር ይማራቸው» ሲሉ ተሰማኝ። የወይዘሮ አልጋነሽ ፊት ሲጠወልግ አየሁ፤ እንዲያ ይቀልዱ የነበሩት ሴት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁና ብዕራቸውን አነሡ።

ዝም ማለት ይህ ነበር። አልቆ ነበር። ከእኔ የሚፈለግ ነገር አልነበረም፤ መቆም ብቻ።

«ከሥር ያለውም ይነበብልኝ ጌታዬ» አልኩ።

ድምፄን ሰማሁት። ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው የተናገረው ይመስል ነበር።

«ከሥር ምን አለ?»

«የነገሩኝ ሰዎች ስም አለ።»

ጸሐፊው ወረቀቱን መልሶ ዘረጋ፤ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቀስ እያለ፣ ፊደሉን እየለቀመ አነበበ። «አንደኛውን ቃል የነገሩኝ አባ ተሰማ ናቸው፤ ከቀድሞው ቄሰ ገበዝ ሰምተው። ሁለተኛውን ቃል የነገሩኝ አቶ መኮንን ናቸው፤ ከማን እንደሰሙ አልተናገሩም።»

ወደ አባቴ አላየሁም። ስለዚህ ፊታቸው እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

ዳኛው ወደ እኔ አዘነበሉ። «እንግዲህ የቱ ነው እውነት?»

«አላውቅም ጌታዬ። ሁለቱንም ሰማሁ እንጂ አላየሁም።»

«መኮንን የሚባለው አለ?» አሉ ዳኛው። ጋሼ መኮንን ወደፊት ሲገፉ፣ ተላላኪው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ቃሉን የሰጠ ምስክር ይወጣል። ወጣሁ።

ከግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። አያ ደሴ ከበቅሎዎቹ ጋር ነበር፤ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ዝም አለ። እግሬ ደንዝዞ ነበር፤ አላሸሁትም። ውስጥ የሚሆነው እንደ ወንዝ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም። አንድ ጊዜ የአባቴ ድምፅ ከሁሉ በላይ ወጣ፤ ከዚያ ጫጫታ፤ ከዚያ የጠረጴዛ ድምፅ። ቆይቶ እልልታ ተሰማ።

መጀመሪያ የወጡት ወይዘሮ አልጋነሽ ናቸው። ሮጠው መጥተው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጉንጬን ግራና ቀኝ አገላብጠው ሳሙኝ። «አያቴን መለስሽልኝ! ማርያም ታሳድግሽ!» አሉ። እንደ እንጨት ቆሜ ተሳምኩ። ከዚያ መሳም ነው፣ ልጅቱ ከባላጋራ ጉቦ በልታለች የሚለው ወሬ የተወለደው። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሷ የሰማችው ከገበያተኞች ነው።

አባቴ ከኋላ ወጡ። አጠገቤ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ያዩት ግን አያ ደሴን ነው።

«ይዘሃት ሂድ» አሉት። «ትምህርቷ እንዳያልፋት።»

ከዚያ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዙ። እኔን ሳይሉ፣ ወደኋላ ሳያዩ። ቃላቸው ርኅራኄ ይሁን ማባረር ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ዛሬም አልገባኝም። ከአንደበታቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል እሱ ነው።

ገብሱ መምጣቱን አቆመ። የታሪክ መምህራችን ሁኔታዬን ሲያዩ፣ የሚያበላና የሚያሳድር ስለሆነ የመምህራን ማሠልጠኛ እንድገባ አደረጉኝ። ስጨርስ የተመደብኩት ከአገሬ ብዙ ቀን መንገድ በሚርቅ ቆላ ነው። ክፍት ከሆኑት ቦታዎች የቱን ትመርጫለሽ ሲሉኝ እኔው ሩቁን መርጬ ነበር። የአባቴ መርዶ የደረሰኝ ተቀብረው ሰንብተው ነው። ሰው እንዳያየኝ በር ዘግቼ ልቅሶ ጠበቅሁ፤ የመጣው ያው ጸጥታ ነው። ዳዊቴን ደገምኩና በማግስቱ አስተምሬ ዋልኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እውነት ተናግረሽ ምን ተሰማሽ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ደስታ አለኝ ወይም ጸጸት አለኝ እንድል ይጠብቃሉ። አንዱም የለኝም። ያለኝ ልማድ ነው። ተማሪዎቼ ጽሑፍ ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የማነበው ከመስመሩ በታች ያለውን ነው። «ይባላል» የሚል ካገኘሁ ማን ይላል ብዬ እመልሰዋለሁ። ይማረሩብኛል፤ መማረራቸውንም እሰማለሁ። ስም መጻፍ ለጽሑፍ ማሳመሪያ የሚመስላቸው አሉ። አንድ ሰው ላላለው ነገር ስሙን ማዋስ፣ በተለይ ተነሥቶ አላልኩም ማለት የማይችል ሰው ሲሆን፣ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ስለማውቅ ነው የምጨክነው። ዝም በማለት ብቻ ይቻላል። እኔ ቆሜ አይቻለሁ፤ ይህን ሰማሁ አልልም።

ማሳዋ ዛሬ የአባቴም የወይዘሮ አልጋነሽም አይደለችም፤ አዋጅ ወጥቶ መሬቱ ተደልድሏል፤ ከወልደ ሐና ትውልድ መቁጠር ለማንም የሚሰጠው ነገር የለም። ስለ ወለተ ማርያምም ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር አልሰማሁም። የቀረኝ ሌላ ጥያቄ ነው።

እኔ ከወጣሁ በኋላ የአባቴ ድምፅ ከሁሉ በላይ ሲወጣ ሰምቻለሁ ብያለሁ። ምን እንዳሉ ሁለት ቃል ደርሶኛል። አንደኛው፣ እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው «ልጄ አይደለችም!» አሉ ይላል፤ ይህን የነገረችኝ የአክስቴ ልጅ ናት፤ እሷ ከጋሼ መኮንን ባለቤት ሰምታለች፤ የጋሼ መኮንን ባለቤት ያን ቀን ችሎት አልመጡም። ሁለተኛው፣ ጋሼ መኮንን ሐሰተኛ ናት ብለው ሊሰድቡኝ ሲነሡ «ልጄን ይተዉአት! ልጄ ናት!» አሉ ይላል፤ ይህን የጻፈልኝ አያ ደሴ ነው፤ እሱ ግን ያን ጊዜ አጠገቤ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ከማን እንደሰማውም አልጻፈልኝም፤ ልጠይቀው ስል ዐረፈ።

ሁለቱን ሳላስታርቅ አስቀምጫቸዋለሁ። ሁለተኛውን እወዳለሁ፤ ስለምወደው ደግሞ አላምነውም።

እንግዲህ ያን ቀን መካነ ኢየሱስ ችሎት ውስጥ የቆማችሁ፣ ወይም በመስኮቱ አንገታችሁን ያስገባችሁ፣ በሕይወት ያላችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የአባቴ ድምፅ ሲወጣ ምን እንዳሉ ጻፉልኝ። እኔን ለማጽናናት ብላችሁ አትጨምሩ፤ ለመቅጣትም አትቀንሱ። በጆሯችሁ ከሰማችሁት በጆሯችን ሰማን በሉ። ከሌላ ሰምታችሁ ከሆነ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ የነገራችሁን ሰው ስም ከሥር ጻፉልኝ።